ላብ የታፈነበት ቆዳ፦ የሙቀት ሽፍታ መከላከያውና አያያዙ

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን የተወሰደ)

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዱ ሰው እዚህ ግባ የማይባል ሊመስለው ይችላል። ኳስ ከተጫወቱ፣ ከሮጡ፣ ረጅም መንገድ በእግር ከተጓዙ ወይም በፀሐይ ሲሠሩ ከዋሉ በኋላ በአንገት፣ በጀርባ፣ በደረት፣ በብብትና በጭን መሐል ስለሚወጣው፣ እንደ መርፌ እየወጋ ስለሚያሳክከው ሽፍታ ነው የምንነጋገረው። ሐኪሞች የሙቀት ሽፍታ ይሉታል፤ በየቤታችን ደግሞ ላብ ያወጣው ሽፍታ እንለዋለን።

ሽፍታው ራሱ ብዙ ጊዜ አይጎዳም። የሚጎዳው እኛ ለሽፍታው የምንሰጠው ምላሽ ነው። ለስኳር ወይም ለደም ግፊት በእግር እንዲሄዱ በሐኪም የተመከሩ አባት ጭናቸውና ብብታቸው እየተቃጠለ ሲያስቸግራቸው መራመዱን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። እናት ለልጇ አዝና ቅቤውንም ዘይቱንም ስትደራርብ ሽፍታውን ታብሰዋለች። ወጣቱ ደግሞ ምን አለበት ብሎ ሽፍታው ሳይድን በእኩለ ቀን ሐሩር ይሮጣል፤ በዚህም ከሽፍታ ወደሚብስ አደጋ ይገባል። ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነውና ስለዚህ ነገር ማወቁ ከአማናው ጥበቃ የሚቆጠር ነው።

ሽፍታው እንዴት ይፈጠራል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሰው ልጅ ቆዳ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱ የላብ ዕጢዎችን አስቀምጧል። ሰውነት ሲሞቅ እነዚህ ዕጢዎች ላብ ያመነጫሉ፤ ላቡም በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይኛው ቆዳ ይወጣና ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በብርቱ እንቅስቃሴ ጊዜ አንድ ሰው በሰዓት 1 ሊትርና ከዚያ በላይ ላብ ሊያወጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ስለወጣ ብቻ ሳይሆን ስለደረቀ ነው። አየሩ ወበቅ ከሆነ ወይም ልብሱ አየር የማያስገባ ከሆነ ላቡ ሳይደርቅ ቆዳው ላይ ይተኛል። ለሰዓታት በላብ የራሰ ቆዳ ያብጣል፤ የሞተው የላይኛው ሽፋንና በቆዳ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አንድ ላይ ሆነው የላቡን ቱቦ ጫፍ ይደፍኑታል። ዕጢው ግን ሥራውን አያቆምምና ላቡ ከቆዳው በታች ይታፈናል። ሽፍታውም ይኸው የታፈነ ላብ ነው።

መዘጋቱ ከላይ ከሆነ እንደ ጤዛ ጠብታ ያለ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይታያል፤ ይህ አያሳክክም፣ ቶሎም ይጠፋል። ትንሽ ጠለቅ ካለ ቀይ ሆኖ የሚወጋውና የሚያሳክከው ሽፍታ ይወጣል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ሲዳሰስ በሚሻክረው ይታወቃል። ሽፍታው ደጋግሞ ሲመላለስ መዘጋቱ ወደ ውስጥ ይጠልቅና የቆዳውን ቀለም የመሰሉ ጠጣር እብጠቶች ይወጣሉ። እነዚህ ብዙም አያሳክኩም፤ ይሁንና ከሁሉም የሚያሳስቡት እነርሱ ናቸው። ምክንያቱም ያ የሰውነት ክፍል ላብ ማውጣት አቁሟል ማለት ነው።

ወበቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት በ2012 ዓ.ም. መስከረም ወር በዶሃ የተካሄደውን የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ማስታወስ ይበቃል። የሴቶቹ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል በእኩለ ሌሊት ነበር የተጀመረው። ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩም እርጥበት ከፍተኛ ስለነበር ከ68 ሯጮች 28ቱ አቋርጠው ወጡ፤ ሦስቱም የአገራችን ተወካዮች ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ወበቁ ቀነስ ባለበት ሌሊት በተደረገው የወንዶቹ ማራቶን ግን ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቁን፣ ሞስነት ገረመው ብሩን ይዘው ተመለሱ። ፀሐይ በሌለበት እኩለ ሌሊት እንኳ ላብ ካልደረቀ የዓለም ምርጥ ሯጭ አይችለውም፤ የእኛ የሰፈር ወጣትማ እንዴት ይችለዋል?

የእኛ አካባቢ ሁኔታ

ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከደሴና ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ቦርከና ወደ አዋሽ ለመቀላቀል የሚወርደው በዚሁ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞናችን አቋርጦ ነው፤ የጨፋ ረግረጋማ ሜዳም እዚሁ የተዘረጋ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ይበረታል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ከቆመ በኋላ የሚመጣው ወበቅ ይከተላል። ላብ የሚበዛበትና ላብ የማይደርቅበት ጊዜ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ለሽፍታው ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው? በየሜዳው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፤ ለጤናቸው የሚራመዱ አዋቂዎች፤ በሐምሌ ወበቅ ማሽላና ማሾ የሚኮተኩቱ ገበሬዎች፤ በሰኞው የባቲ ገበያና በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ሸክም የሚሸከሙ የቀን ሠራተኞች፤ በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ቁርኣን የሚቀሩ ደረሶች፤ እንዲሁም ከደጋ አገር ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ እኛ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። የደጋ ሰው ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በእነዚህ ቀናት ሥራውንም ስፖርቱንም በጥቂቱ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማሳደግ ይኖርበታል።

ልብስ፣ ሥራና ቤት

ውድ አድማጮች፣ ዐብደላህ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) የጁሙዓ ትጥበት እንዴት እንደተጀመረ ሲጠየቁ የሰጡትን ማብራሪያ አቡ ዳውድ ዘግበውታል። የታሪኩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ሱፍ ይለብሱ፣ በጀርባቸው እየተሸከሙ ይሠሩ ነበር፤ መስጊዱም ጠባብ፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነበር። በአንድ የሙቀት ቀን ሁሉም በሱፍ ልብሳቸው ውስጥ ላብ በላብ ሆነው ሽታው እርስ በርስ ሲያስቸግራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲታጠቡ አዘዟቸው። ኢብኑ ዐባስ እንደሚሉት ኋላ አላህ በጎውን ሲያመጣ ሰዎች ሱፉን ትተው ሌላ ለበሱ፣ ከከባዱ ሥራ አረፉ፣ መስጊዳቸውም ሰፋ።

በዚህ ዘገባ የተጠቀሱትን ሦስት ነገሮች ልብ እንበላቸው፤ ልብስ፣ ሥራና ቤት ናቸው። ዛሬ ሐኪም ስለ ሙቀት ሽፍታ ሲጠየቅ የሚመክረውም እነዚህኑ ሦስቱን እንድናስተካክልና እንድንታጠብ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ልብስ እንናገር። የዘመናችን ሱፍ ፖሊስተርና ናይለን ነው። ልጆቻችን የሚወዱት የአውሮፓ ቡድኖች ማሊያ አብዛኛው ከፖሊስተር የተሠራ ነው። አንዳንዱ ለስፖርት ተብሎ ላብ እንዲያስወጣ ሳስቶ ተሠርቷል፤ ገበያችን ላይ የሚገኘው ርካሹ ግን ወፍራምና አየር የማያስገባ ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም፤ ጨርቁን አፋችን ላይ አድርገን ስንተነፍስ ትንፋሹ ካላለፈበት አየርም አያልፍበትም። በሙቀት ጊዜ ለእንቅስቃሴ የሚመረጠው ሳሳ ያለ፣ ሰፋ ያለና ነጣ ያለ የጥጥ ልብስ ነው። ለቤት ደግሞ ወላጆቻችን የኖሩበት ሽርጥና ሰፊ ጀለብያ ለዚህ አየር የተስማማ ነው። ይሁንና ጥጥም ቢሆን ከራሰ በኋላ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ጨዋታው እንዳለቀ መቀየር አለበት። ለልጁ ወደ ሜዳ ሲሄድ በፌስታል አንድ ደረቅ ካናቴራ ማስያዝ ወጪ የሌለው መድኃኒት ነው። በላብ የራሰ ማሊያ እንደለበሱ በተዘጋ ክፍል በርጫ ላይ መቀመጥ ግን ሽፍታውን መጥራት ነው፤ ጫቱም በራሱ ልብን እያፋጠነ የሰውነትን ሙቀት ይጨምራል።

ስለ እህቶቻችንም እንናገር። አንዳንድ ሰዎች የሴቶቻችን ሽፍታ ከሂጃብ የመጣ ነው ሲሉ ይሰማል። ሂጃቡን ከመውቀሳችን በፊት ከሥሩ የተለበሰውን እንመልከት። ሸሪዓ የጠየቀው ሰፊና ገላን የማያሳይ ልብስ ነው፤ ሰፊ ልብስ ደግሞ አየር ያስገባል። ሽፍታውን የሚያመጣው ከጅልባቡ ሥር የሚደራረበው ጥብቅ ሹራብ፣ ጥብቅ ሱሪና አንገትን የሚያንቀው የናይለን ሻሽ ነው። ሳሳ ያለ ግን ገላ የማያሳይ የጥጥ ጨርቅ መርጦ መደራረቡን መቀነስ፣ ቤት ሲገቡም ሻሹን አውልቆ አንገትንና የፀጉርን ሥር ማናፈስ ይበቃል። ሴት ልጆቻችንም ለጤናቸው መንቀሳቀስ መብታቸው ነውና ወላጆች ከወንድ ዐይን የተከለለና ነፋሻ ቦታ ሊያመቻቹላቸው ይገባል።

ሸሪዓችን ለቆዳ ሕመም የሰጠውን ቦታ ለማወቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ሐር ለወንድ የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ባደረባቸው የቆዳ ማሳከክ ምክንያት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል፤ ይህንንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለማሳከክ ሲባል የተከለከለ ልብስ ከተፈቀደ፣ እኛ ለልጃችን ጥብቁን ማሊያ በሰፊ ካናቴራ መቀየር እንዴት ያቅተናል?

ሁለተኛው ሥራና ሰዓት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙቀት ሲበረታ የዙሁር ሰላት ቀዝቀዝ እስኪል እንዲቆይ አዝዘዋል። ታላቁ ዒባዳ ለሙቀት ሲባል ከቆየ ኳስና ሩጫ የማይቆይበት ምክንያት የለም። በቆላው ወራት ለእንቅስቃሴ የሚሻለው ከሱብሒ ሰላት በኋላ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ወይም ከዐስር በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለብርቱ እንቅስቃሴ አይሆንም። ከባድ ሥራ ያለበት ሰው ደግሞ በየመሐሉ ጥላ ሥር ገብቶ ላቡን ያድርቅ። ውሃ መጠጣት የተዘጋውን ቱቦ አይከፍትም፤ ሰውነት በላብ ያጣውን ስለሚተካ ግን ግድ ነው። በረመዳን ጾመኛ ሰው መራመድ ከፈለገ ውሃ ሊጠጣ ወደሚችልበት ሰዓት ማስጠጋት፣ ማለትም ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው ወይም ከተራዊሕ በኋላ ማድረግ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ቤት ነው። በሾንኬ ተራራ ላይ አባቶቻችን የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ወፍራም ድንጋይ ደግሞ ቶሎ አይግልም። የዛሬው የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ገና በረፋዱ እንደ ምጣድ ይግላል። ኮርኒስ ማሠራት፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን መክፈት፣ በረንዳ ላይ ዳስ መጣል፣ ዛፍ መትከል ሁሉም ይረዳል። የመድረሳና የቁርኣን ቤት ኃላፊዎችም ልጆቹን በሙቀቱ ሰዓት ከቆርቆሮው ሥር አውጥተው ዛፍ ጥላ ሥር ቢያስቀሯቸው ቆዳቸውም ሐሳባቸውም ይሰበሰባል።

ሽፍታው ከወጣ በኋላ

መጀመሪያ የሚደረገው ማቀዝቀዝ ነው። ከሙቀቱ መውጣት፣ የራሰውን ልብስ ማውለቅ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ከዚያም ሳያሹ በንጹሕ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ ወይም በነፋስ እንዲደርቅ መተው ነው። ውሃ የለንም የምትሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሷዕ ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር አስታውሱ፤ አንድ ሷዕ 3 ሊትር ገደማ ነው። ያም ካልተገኘ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በሽፍታው ላይ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ይበቃል። የልብስ ሳሙናና ሻካራ መታጠቢያ ቆዳውን ይበልጥ ያቆስሉታልና ይቅሩ። ጥፍር ይቆረጥ፤ ማከክ ለቁስል በር ይከፍታል።

ማሳከኩ ከበረታ ከመድኃኒት ቤት ካላማይን ሎሽን ገዝቶ መቀባት ያስታግሣል። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ካየው ሃይድሮኮርቲዞን 1% የተባለው ቀላል ቅባት ለጥቂት ቀን ሊታዘዝ ይችላል። ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶችን ከጎረቤት ተውሶ መቀባት ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ሌላ በሽታም ይሸፍናል። ለማሳከክ የሚወሰዱ አንዳንድ ኪኒኖችም እንቅልፍ ከማምጣታቸው በላይ ላብን ስለሚቀንሱ በሙቀት ለሚሠራ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሆኑም።

ቀዩ ሽፍታ ሰውየው ከቀዘቀዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። ልብ በሉ፤ ሽፍታው ጠፋ ማለት ግን ቆዳው ዳነ ማለት አይደለም። የተዘጉት ቱቦዎች ተከፍተው ላብ እንደ ቀድሞው እስኪወጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ወደ ብርቱ ስፖርት መመለሱ ቀስ በቀስ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት ይሁን። ለጤናቸው ለሚራመዱ አባቶችና እናቶች ግን የምንለው ሰዓቱን ቀይሩ፣ ልብሱን ቀይሩ፣ መራመዱን ግን አትተዉ ነው።

ምን አንቀባ?

በየቤታችን የተለመደው ቅቤ፣ ቫዝሊንና ወፍራም ቅባት ነው። እነዚህ ለደረቀ ቆዳ ይጠቅማሉ፤ ለሙቀት ሽፍታ ግን የተዘጋውን ቀዳዳ በላዩ ላይ መድፈን ናቸው። ሎሚ፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርትም የተቆጣውን ቆዳ ያቃጥላሉ።

ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ወይራ ዘይት የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በሁለቱም ላይ የመጡትን ሐዲሶች እናውቃለን፤ እንቀበላለንም። ነገር ግን መድኃኒት የሚጠቅመው ከበሽታው ጋር ሲገጥም ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) መድኃኒቱ ከበሽታው ሲገጥም በአላህ ፈቃድ እንደሚዳን አስተምረውናል። በላብ ለታፈነ ቆዳ ዘይት አይገጥምለትም። ይህን ማለት ሐዲሱን መቀነስ ሳይሆን በቦታው ማዋል ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ሽፍታ ሳይኖር ጭን ከጭን ተፋጭቶ የሚላጥ ሰው ከጉዞው በፊት በሚፋጨው ቦታ ላይ ብቻ ስስ አድርጎ ቫዝሊን ቢቀባ ይጠቅመዋል። በሐጅና በዑምራ ኢሕራም ላይ ያለ ወንድ በዚህ ብዙ ይቸገራል፤ የሚቀባው ሽቶ የሌለው መሆን አለበት።

ከዒባዳ ጋር የተያያዙ ጥያቄዎች

የሙቀት ሽፍታ ያለበት ሰው ዉዱእ ትቶ ተየሙም ያድርግ ወይ? አያድርግም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ለዚህ ሽፍታ መድኃኒቱ ነውና። ቆዳው ቆስሎ ውሃ እንዳይነካው ሐኪም የከለከለው ሰው ግን ሸሪዓው ያገራለትን መንገድ ከአካባቢው ዓሊም ጠይቆ ይያዝ። በዉዱእ አካላት ላይ ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ቅባት ወይም የደረቀ ሎሽን ካለ ከዉዱእ በፊት ይታጠብ። ቆዳ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ጾም አያፈርስም።

ሕፃናት

የሙቀት ሽፍታ በአራስ ሕፃናት ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ የላብ ቱቦዎቻቸው ገና አልጎለመሱምና። ብርድ እንዳይመታው በሚል በቆላ አገር ሕፃንን በሦስት ፎጣና በጋቢ መጠቅለል፣ ገላውንም በቅቤ ማሸት ሽፍታውን ያበዛዋል። ልክ የሆነው እናቲቱ ራሷ ከለበሰችው ብዙም ያልበለጠ ስስ የጥጥ ልብስ ማልበስ ነው። አንገቱና ጀርባው በላብ ከራሰ ለብሶበታል ማለት ነው። ፓውደር መንፋትም ይቅር፤ ብናኙ ወደ ሳንባው ይገባል። ሕፃኑ ትኩሳት ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ሽፍታው መግል ከቋጠረ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሌላ በሽታ እንዳይሆን

ሽፍታ ሁሉ የሙቀት ሽፍታ አይደለም። በጣት መሐልና በእጅ አንጓ የሚወጣ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ቤተሰቡን ሁሉ የያዘ ማሳከክ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በሰፊው ተዛምቶ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የእከክ መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ቤተሰቡም አብሮ ይታከማል። ክብ ሆኖ ዳር ዳሩ እየሰፋ የሚሄደው ጭርት ነው። ትኩሳት፣ ሳልና የዐይን መቅላት ያለው የሕፃን ሽፍታ ደግሞ ኩፍኝ ሊሆን ይችላል። ከቀዘቀዙ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቀነሰ፣ ያበጠ፣ የጋለ፣ መግል የያዘ ወይም ትኩሳት ያስከተለ ሽፍታ በባለሙያ መታየት አለበት።

ከሽፍታው በስተጀርባ ያለው አደጋ

ሽፍታ የሸፈነው ቆዳ በደንብ ላብ አያወጣም። ሰፊ የሰውነት ክፍሉ በሽፍታ የተያዘ ሰው በሐሩር ከሮጠ ወይም ከተሸከመ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የልብ ትርታ መፍጠን የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ ያን ጊዜ ሥራውን ማቆምና ጥላ ሥር መግባት ግድ ነው። ሰውየው ከቀባጠረ፣ ከተወላገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። ላብ ቢኖረውም ባይኖረውም ጥላ ሥር አድርጎ፣ ልብሱን አላልቶ፣ መላ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሱና እያራገቡ በፍጥነት ማቀዝቀዝ፣ እያቀዘቀዙም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይጨመርም።

በ1445 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ2016 ዓ.ም. ሰኔ፣ በመካ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ አልፎ እንደነበር፣ በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት እንዳስታወቀ እናስታውሳለን። ከእነርሱም አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የገቡ፣ መጠለያ ያልነበራቸውና በፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። ሙቀት የሚከብደው ጥላ በሌለው ሰው ላይ ነው።

በመጨረሻም

ለዚህ ነው የመጨረሻውን ቃል ለአሠሪዎች የምናደርገው። ኳስ ተጫዋቹ ሰዓቱን መምረጥ ይችላል፤ የቀን ሠራተኛው ግን ሰዓቱ በአሠሪው እጅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው፣ ከዐቅሙ በላይም እንዳይጫንበት አዝዘዋል። ላቡ የማይደርቅበትን ሰው በእኩለ ቀን ማሠራት፣ ጥላና ውሃ መንፈግ፣ ሲደክምም ሰነፍ ማለት ከዚህ ትምህርት የራቀ ነው። በሙቀቱ ወራት ሥራውን በሌሊት አስጀምራችሁ ቀትር ላይ አሳርፏቸው፤ ጥላ ሥሩላቸው፤ አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገባቸው አኑሩ። ይህ ሰደቃም ነው፣ ሐቅም ነው።

ወላጆችም ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከሜዳ ሲመለሱ ጀርባቸውን እዩላቸው። ሻክሮ ካገኛችሁት የቅቤውን ዕቃ አትክፈቱ፤ መስኮቱን ክፈቱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቅርቡ፣ ደረቅ ልብስ አልብሱ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጤናችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ በአማናው ላይ ታማኞች ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።